የጠፈር ጨረር ልኬትና የእንጅባራ አቀማመጥ

በኮስሚክ ጨረር ውስጥ እንደ ብረት ያሉ ከባድ የአቶም ኒውክለሶች መኖራቸው በምርምር ፊኛዎች የተረጋገጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 ነው። ኃይላቸውን ለመለካት የምድር መግነጢሳዊ መስክ ራሱ እንደ ወንፊት ያገለግላል።

የአዊ ዞን ዋና ከተማ እንጅባራ የምትገኘው በመግነጢሳዊው ወገብ አቅራቢያ ነው። በዚህ አካባቢ መስኩ አነስተኛ ኃይል ያላቸውን ይመልሳል፤ በቀጥታ ከላይ የሚገቡት በእያንዳንዱ ፕሮቶንና ኒውትሮን ከ6 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ኃይል ያላቸው ከባድ ኒውክለሶች ናቸው። በዋልታዎች ግን ደካሞቹም ይገባሉ፤ የሁለቱ ቆጠራ ልዩነት የኃይላቸውን ስርጭት ያሳያል።

ይሁን እንጂ ኒውክለሶቹ ከአየር ጋር ተጋጭተው ስለሚሰባበሩ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ከተማ የሚደርሳት ስብርባሪያቸው ነው። ቀጥተኛው ልኬት በፊኛ ወይም ከ2011 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እንደሚሠራው ኤኤምኤስ ባለ መሣሪያ ይከናወናል።

በመሆኑም የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ውስን በጀታቸውን በምድር ላይ በሚተከሉ አነስተኛ መቁጠሪያዎችና በመረጃ ትንተና ባለሙያዎች ሥልጠና ላይ ቢያውሉ የተሻለ ውጤት ያገኛሉ።