ቆዳ የሌለበት ጫማ

የዚህ እትም ርእሳችን ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነ ጫማ ነው። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ባሉበት አገር ይህን ማንሳት ድፍረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከአሮጌ ጎማ የሚቆረጠውን በረባሶ ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት መሥርታ፣ ሁሉም ምርቷ ከቆዳ የጸዳ ባይሆንም፣ ያንኑ የጎማ ሶል ከእጅ ፈትል ጥጥ ጋር አዋህዳ ለዓለም ገበያ አብቅታዋለች።

«ቆዳ የለበትም» መባሉ ብቻ ግን አይበቃም። ገበያውን የሞላው ርካሽ ሰው ሠራሽ ቆዳ ባብዛኛው ከነዳጅ የሚወጣ ፕላስቲክ ነው፤ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ሲጣልም አይበሰብስም። ማጣበቂያው ራሱ ከእንስሳት አጥንት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻጩን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ፣ ሶሉንና ስፌቱን እንዴት እንደምትመረምሩ፣ የጫማ ሠሪው ደመወዝም ለምን እናንተን እንደሚመለከት በውስጥ ገጾች ታነባላችሁ። መዘነጥን ተዉ አንልም፤ የመረጥናቸው ጫማዎች ለሠርግም ለቢሮም የሚሆኑ ናቸው።