በወረቀት የቀረ ፍቅር

ወጣቶች ሆይ፣ በ1931 አንድ የደብዳቤ መድበል ታትሞ ወጣ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደብዳቤዎቹን የተጻጻፉት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በእንግሊዝ መድረክ እጅግ ከተወደዱት ተዋንያን አንዷ የነበረችው ኤለን ቴሪና አድናቂዋ፣ ሃያሲውና ጸሐፌ ተውኔቱ ጆርጅ በርናርድ ሾው ነበሩ። እርሷ በ1928 አርፋለች። ሾው በመጽሐፉ መቅድም ላይ፣ ፍቅራቸው ከወረቀት አላለፈም ብለው ለሚያጉረመርሙ ሰዎች መልስ ሰጠ። የመልሱ ፍሬ ነገር፣ የሰው ልጅ ውበትንም እውነትንም ዘላቂ ፍቅርንም እስካሁን የጨበጠው በወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚል ነበር።

ይህ አነጋገር ብዙዎችን ማርኳል። እኔ ግን ስሕተት ነው እላለሁ፤ ከሩቅ ማድነቅ ቀላል በሆነበት ዘመን ለምታድጉት ለእናንተ ደግሞ የሚጎዳ ስሕተት ነው። እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንመልከተው።

ነገሩ የተጀመረው በ1892 ነው። ኤለን ቴሪ ስለ አንዲት ወጣት ወዳጇ የሙዚቃ ሙያ ምክር ፈልጋ ለአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ጻፈች፤ አዘጋጁም ጉዳዩን ለሙዚቃ ሃያሲው ለሾው አስተላለፈው። ያን ጊዜ እርሷ የ45 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በላይሲየም ቴአትርም የታላቁ ተዋናይ የሄንሪ ኢርቪንግ ዋና አጋር ነበረች። መድረክ ላይ የወጣችው በ1856፣ ገና በ9 ዓመቷ ነው፤ ሾው የተወለደውም በዚያው ዓመት ነው።

ሁለቱም የሚኖሩት ለንደን ነበር። እርሱ ከአዳራሹ ወንበር ላይ ሆኖ ስትጫወት ያያታል፤ እርሷ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቃ ታየዋለች። ሆኖም ፊት ለፊት ቢገናኙ የደብዳቤው ጣዕም እንዳይጠፋ ሠግተው፣ ለዓመታት ሆን ብለው ከመተዋወቅ ተቆጠቡ። ልብ በሉ፤ የለያቸው ባሕር አልነበረም፤ እስር ቤትም ጦርነትም አልነበረም። ባሕር ማዶ ላለ ወንድም የሚጻፍ ደብዳቤ ድልድይ ነው። በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ ላለመገናኘት ሲባል የሚጻፍ ደብዳቤ ግን መጋረጃ ነው።

ደብዳቤዎቹ ዋጋ አልነበራቸውም አልልም። በ1896 ቴሪ በሼክስፒር «ሲምበላይን» ውስጥ ኢሞጅንን ለመጫወት ስትዘጋጅ፣ ሾው የገጸ ባሕርይዋን ንግግር እየተከታተለ የት ላይ ምን ማሰብና እንዴት መናገር እንደሚገባት በዝርዝር ጻፈላት። እንዲህ ሥራውን የሚያውቅለት አድናቂ የሚያገኝ ሠራተኛ ጥቂት ነው። «ድንቅ ነሽ» ብሎ ከማለፍ ይህ እጅግ ይሻላል።

ነገር ግን ሾው በዚያው ወቅት «ሳተርደይ ሪቪው» በተባለው ጋዜጣ የቴአትር ሃያሲ ነበር። በደብዳቤ ያሠለጠናትን ተዋናይት በአደባባይ ይዳኛታል ማለት ነው። ከዚህም በላይ እርሷን እያሰበ የጻፈው አጭር ተውኔት በላይሲየም እንዲታይለት ይፈልግ ነበር። ውሳኔው ያለው በኢርቪንግ እጅ ነው፤ ኢርቪንግን ደግሞ በጋዜጣው ላይ ያለ ምሕረት ይተቸዋል። በመካከል የቆመችው ማን ናት? በየማታው ከኢርቪንግ ጋር መድረክ ላይ የምትወጣው፣ እንጀራዋም በእርሱ ቴአትር ያለው ቴሪ ናት። በ1897 ኢርቪንግ ተውኔቱን ሳያሳየው ተወው። እንግዲህ ያ የሚያምር የአድናቆት ደብዳቤ በውስጡ ማመልከቻም ይዞ ነበር። የሚያደንቀን ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚፈልገው እኛን ሳይሆን እኛ የምንከፍተውን በር ነው። ቢያንስ ሁለቱን አንድ ላይ ይፈልጋል።

ከመካከላችሁ አንዱ፣ «መራቃቸው ደግ አይደለም ወይ? ቢቀራረቡ ኖሮ ኃጢአት ላይ ይወድቁ ነበር» ይለኝ ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ግን ሾው በ1898 ሻርሎት ፔይን ታውንሼንድን ሲያገባ ደብዳቤው አልቆመም። ከጋብቻው በፊት ስለ ሻርሎት ለቴሪ ይጽፍላት ነበር፤ ከጋብቻው በኋላም ለቴሪ መጻፉን ቀጠለ። ሰውነት ከሰውነት ራቀ ማለት ልብ ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። ለአንዲቱ የቤቱን ኑሮ፣ ለሌላይቱ የቃላቱን ምርጥ የሚሰጥ ሰው ሁለቱንም እኩል አላከበረም። ፈተናን መሸሽ ጥበብ ነው፤ ፈተናውን በፖስታ አሽጎ በየሳምንቱ መላክ ግን ሽሽት አይባልም።

በዚያው ቴአትር ቤት ሌላም አድናቂ ነበር። ብራም ስቶከር ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው በ1897 ባሳተመው «ድራኩላ» በተሰኘው ልብ ወለዱ ነው። በ1876 ደብሊን ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ሳለ ስለ ኢርቪንግ ሐምሌት በጋዜጣ ጻፈ፤ ኢርቪንግም እራት ጋበዘው። በ1878 ስቶከር የመንግሥት ሥራውን ለቆ ለንደን ገባና የላይሲየም ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ከዚያ በኋላ 27 ዓመት ያህል ሒሳብ ያዘ፣ ጉዞ አሰናዳ፣ ለኢርቪንግ የሚጎርፈውን ደብዳቤ በጌታው ስም ሲመልስ ኖረ። በ1898 የቴአትሩ የመድረክ ዕቃ ማከማቻ በእሳት ሲወድም እዚያው ነበር። ኢርቪንግ በ1905 ብራድፎርድ ከተማ ለትወና ሄዶ ሲሞትም ስቶከር የጉዞው ባልደረባ ነበር።

ስቶከርን ቅዱስ ላድርገው አልፈልግም፤ ጌታውን ከልክ በላይ ከፍ አድርጎ ያይ ነበር። ግን ያደነቀውን ሰው ሲደክም፣ ሲከስር፣ ሲያረጅ አይቶታል፤ አይቶም አልሸሸም። አድናቆቱ ዋጋ አስከፈለው። የሾው አድናቆት ያስከፈለው የቴምብር ዋጋ ነው።

በመጨረሻ ሾውና ቴሪ በአንድ አዳራሽ አብረው ሠሩ። በ1906 ቴሪ፣ ሾው ቀደም ሲል ለእርሷ ብሎ በጻፈው «የካፒቴን ብራስባውንድ መለወጥ» ላይ ተጫወተች። 59 ዓመቷ ነበር፤ ንግግሩን በቃሏ መያዝ ይቸግራት ጀምሯል። በዚያው ተውኔት የሚጫወት ጀምስ ኬሩ የተባለ አሜሪካዊ ተዋናይ ነበረ፤ በ1907 እርሱን አገባች። ከሾው ጋር የነበረው ደብዳቤ እየሳሳ ሄደ። የቴሪና የኬሩ ጋብቻም ብዙ አልዘለቀም፤ ስለዚህ ቅርበት ሁሉን ይፈውሳል ብዬ አልሰብክላችሁም። የምለው ይህን ነው፦ በደብዳቤው ያለችው ኤለን ዕድሜ አይነካትም፣ አትደክምም፣ ቃል አትረሳም። የምታረጀው፣ የምትደክመውና የምትረሳው ግን እውነተኛዋ ናት፤ ፍቅር የሚያስፈልጋትም እርሷን ነው።

ዘላቂ ፍቅር በወረቀት ላይ ብቻ ተገኘ የሚለውን ቃል እኛ ዝም ብለን ልናሳልፈው የማንችለው ለዚህ ነው። እግዚአብሔር ፍቅሩን በጽሑፍ ልኮ አልቀረም፤ ራሱ መጣ እንጂ። ሽማግሌው ዮሐንስም በሁለተኛው መልእክቱ ማብቂያ ላይ፣ ገና ብዙ የሚጽፈው እያለው፣ ቀለምና ወረቀቱን ትቶ ፊት ለፊት ሊነጋገር ተስፋ እንደሚያደርግ ይናገራል። ደስታቸው የሚፈጸመው ሲገናኙ ነውና። ሾውና ቴሪ መገናኘት ደስታቸውን እንዳያበላሸው ፈሩ፤ ዮሐንስ ግን ሳይገናኙ ደስታው ሙሉ እንደማይሆን ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ከመዘምራን መካከል የምታደንቋት እኅት አለች። እሑድ ከዘመረች በኋላ ከኋላ ወንበር ሆናችሁ በስልካችሁ የምስጋና መልእክት ትልካላችሁ፤ ልብና አበባ ትደረድራላችሁ። መልካም፣ ላኩ። ግን ባለፈው ሳምንት ታማ ልምምድ ስትቀር የጠየቃት ማን ነው? ድምፅዋ የሻከረ ቀንስ አብሯት ወደ ታክሲ የሄደ አለ? መልእክታችሁ በውስጡ ልመና ይዞ እንደሆነ፣ ያንኑ ቃል እናቷ አጠገብ ቆማችሁ ልትናገሩት የማትደፍሩት እንደሆነ ራሳችሁን መርምሩ።

ደብዳቤውን አትቅደዱት። ጻፉት፤ ከዚያም ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና ከኋላ ወንበር ተነሥታችሁ ሂዱ፤ ሰላም በሏት፣ እንዴት እንደ ሰነበተች ጠይቋት፣ መልሷንም እስክትጨርስ ስሙ።