ጄል የሚመረጠው በቀለሙ አይደለም

የቀድሞ ተማሪዬ ጥፍር ቤት ልትከፍት ነው። «ቲቸር፣ የትኛውን ጄል ልግዛ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን እኮ የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው!

ጄል የሚደርቀው በመብራት ነው። መብራቱ ካልተስማማው ላዩ ደርቆ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ጥሬው ቆዳ ሲነካ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ አብሮ ይኖራል፤ ጥርስ ስታስሞሉ ሳይቀር ሊያስቸግር ይችላል።

ስለዚህ እህቴ፣ ጄሉንም መብራቱንም ከአንድ አምራች ግዢ። ሄማ የሌለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ቢሆንም ቆዳ አታስነኪ። ቲፒኦ ያለበትን ተዪው፤ የአውሮፓ ህብረት ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ከልክሎታል። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ጠርሙስ በነፃ ቢሰጡሽም እንዳትቀበዪ።

ደንበኛ ጄል የሚነካት በወር አንዴ ነው፤ አንቺን ግን በየቀኑ። እንጀራሽ እጅሽ ላይ ነውና በርካሽ አትሽጪው።

በሙያው ያላችሁ ልጆቼ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?