ከቆጣሪ የሚጠለፍ የበዓል መብራት ይብቃ!



በ2017 ዓ.ም. በቡሄ ዋዜማ በየአጥሩ የተሰቀለውን የአምፑል ሐረግ ሁላችንም አይተነዋል። ከቆጣሪ ተጠልፎ፣ መጋጠሚያው በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ያውም በነሐሴ ዝናብ! የዘመመውን ሐረግ ሊያቃና እጁን የዘረጋ ልጅ ኮሬንቲ ወርውሮ ጣለው። የተረፈው በእግዜር ቸርነት እንጂ በእኛ ጥንቃቄ አይደለም። ይህን እያወቅን ዘንድሮም ገመድ የሚያዘጋጁ አሉ።

«ታዲያ በዓሉ በጨለማ ይከበር ወይ?» ይሉናል። ማን በጨለማ አለ? የሰፈሩ ልጆች የሚበራ ሽቦ ሠርተው አሳይተውን የለም እንዴ! የሽቦው መሐል መዳብ ነው፤ ላዩ የዚንክ ሰልፋይድ ዱቄት ተቀብቶ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሁለት ሽቦዎች ተጠምጥመውበት፣ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ከምትጎርስ ኢንቨርተር ጋር ሲገናኝ ዱቄቱ ራሱ ያበራል፤ አይግልም። ኢንቨርተሯ ማይክሮፎን ካላት ደግሞ ዱላው መሬት በመታ ቁጥር ሽቦው ብልጭ ይላል። ለሆያ ሆዬ ከዚህ የሚስማማ ምን አለ?

ተሠርቶ የሚሸጠው ይገዛ የሚሉም አሉ። ኮከብ መስሎ ስለታጠፈ ብቻ የማኅበሩን ሣጥን እናራቁት? ሸምበቆ አጉብጦ ሽቦውን በክር መስፋት ለማን ያቅታል? ድምፅ ማጉያ ካልተደረደረ የሚሉትንማ አንሰማም። ቀረብ ብሎ ማጨብጨብ ይበቃል፤ በሽተኛና አራስም ይተኛ እንጂ።

እርግጥ ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ከመሸ እንጂ በቀን አይታይም። ፈጽሞ አይነካም ማለታችንም አይደለም። ኢንቨርተሯ የባትሪውን 3 ቮልት ወደ 100 ቮልት ገደማ ስለምታደርሰው የተቆረጠ ጫፍ ይቆነጥጣል፤ በናስትሮ ይሸፈን። ሽቦው ሳይሰካ ኢንቨርተሯን ማብራት ያቃጥላታል። ሽቦውን እንደ ወረቀት ማጠፍም መዳቡን ይሰብራል። ቢሆንም ቁንጥጫው ከቆጣሪው 220 ቮልት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስለዚህ የተጠለፈ መስመር ያለው እስከ ነሐሴ 10 ያውርድ። ካላወረደ ኮሚቴው ለመብራት ኃይል ያመለክታል፤ ጉርብትናም ዝምድናም አናይም። ሽቦውን መሥራት የሚፈልግ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሸምበቆና ክር ይዞ ወደ ማኅበሩ ቤት ይምጣ፤ ሕፃናት ከወላጅ ጋር።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት