ስለ ኢንተርኔት አጀማመርና በሁከት ጊዜ ስለ መዝጋቱ ነገር

ባሶሳም ቢሆን በሌላው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከተማ ስላገር ሰላም በተነሣ ቍጥር የሚሰማ አንድ አሳብ አለ፤ ይኸውም «ይህ ኢንተርኔት የሚሉት ነገር ከጦር መሥሪያ ቤት የተወለደ ነውና ወደ ገባበት አገር ሁሉ ጦርን ይዞ ይገባል፤ ስለዚህ ሁከት ሲነሣ ፈጥኖ መዝጋት ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ፊደል ያልቈጠሩ ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን ከመምህራኑም ከጽሕፈት ቤት ሰዎችም ወገን የሚናገሩት ስላሉ ነገሩን ከሥሩ መርምሮ መመለስ ይገባል።

በመጀመሪያ ስለ ትውልዱ። ገንዘቡን የሰጠው የአሜሪካ የጦር ሚኒስቴር መሆኑ እውነት ነው፤ አንክድም። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1966 በዚሁ ሚኒስቴር ሥር በነበረው አርፓ በተባለው መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ሹም ቦብ ቴይለር የሚባል ሰው ነበር። በቢሮው ውስጥ ሦስት የመጻፊያ መኪናዎች ቆመው ነበር፤ እያንዳንዳቸውም በሩቅ ቦታ ካለ ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር ብቻ የተያያዙ ስለ ሆኑ፣ ሰውየው ከአንዱ ጋር ጨርሶ ከሌላው ጋር ለመነጋገር ሲፈልግ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ሌላው መኪና መሄድ ነበረበት። አንድ መኪና ከሁሉ ጋር ስለ ምን አያነጋግርም? ብሎ አሰበ። የኢንተርኔት ዘር ይህ ነው፤ ሊቃውንት በየቦታው የሚገኘውን ውድ ኮምፒዩተር በማኅበር እንዲሠሩበት ነበር እንጂ ከተማ ለማቃጠል አልነበረም። ጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው ቃል ተላከ። ሊላክ የታሰበው «ሎጊን» የሚል ቃል ነበር፤ ሁለት ፊደል እንደ ደረሰ ግን መኪናው ሥራውን አቆመ። ዓለምን ያንቀጠቅጣል የሚባለው ነገር አጀማመሩ እንዲህ ነበር።

ደግሞስ ከጦር የተወለደ ሁሉ ይጣል ከተባለ፣ ፋሺስት ለሠራዊቱ ማለፊያ ብሎ በጠረገው መንገድ እስከ ዛሬ የምንሄደው ስለ ምንድር ነው?

የዚህ ዓይነት ክርክር ባገራችን አዲስ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቴሌፎን በገባ ጊዜ፣ ያለ ሰው የሚሰማው ድምፅ የሰይጣን ነው ብለው ከካህናቱ ወገን የተቃወሙ እንደ ነበሩ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አዲስ አበባን ከሐረር ጋር የሚያገናኘውን 477 ኪሎ ሜትር መስመር አዘረጉ። ዛሬ ቴሌፎን በኪሱ የሌለ ካህን ፈልጎ ማግኘት እንዴት ያስቸግር!

የኢንተርኔት ብልሃቱ ከታወቀ ክርክሩ ይቀላል። መልእክቱ በትናንሽ ጥቅል ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ጥቅል ክፍት ሆኖ ባገኘው መንገድ ይሄድና ከደረሰ በኋላ በተራ ቍጥሩ ይገጣጠማል። ያሶሳ ነጋዴ ይህን ለመረዳት መምህር አያሻውም። በወለጋ በኩል የሚመጣው መንገድ በታጣቂዎች በታወከ ጊዜ፣ ጭነቱ ቆሞ የዕቃው ዋጋ ሲወጣ፣ ምነው ሌላ መንገድ በኖረ ብሎ ያልተመኘ ማን ነው? ፖል ባራንን የመሰሉ ሰዎች ያሰቡት፣ በኋላም ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን የመነጋገሪያ ደንቡን የጻፉለት መረብ አንዱ ድልድይ ቢሰበር በሌላው የሚሻገር ነበር። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ይህ ጠባዩ ጠፋ። በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን እጅ ገባ፤ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ እስኪጀምር ድረስም ደጁ አንድ፣ ቍልፉም አንድ ሆኖ ኖረ። ብዙ መንገድ እንዲኖረው የተፈጠረው ነገር ባንድ እጅ የሚዘጋ ሆነ።

ተዘጋም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳርና ባዲስ አበባ ታላላቅ ሹማምንት በተገደሉ ጊዜ ያገሩ ሁሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ። በሚቀጥለው ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንተርኔት ውኃ ወይም አየር አይደለም ሲሉ ተሰሙ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ደግሞ እንደ ገና ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ባሶሳ የሚኖር ሰው በነዚህ ደሞች በአንዱም እጁ ሳይኖርበት ከገዳዩ ጋር እኩል ተቀጣ።

በዚህ ሁሉ መዝጋት ደም ቆመን? በሰኔ 2010 ዓ.ም. ባሶሳ ከተማ ሰው ሞተ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በካማሺ ሹማምንት ከተገደሉ በኋላ በተነሣው ጥል በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሸሸ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል፣ በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ማለቃቸውን የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። በኩጂ የገጠር ቀበሌ ናት፤ የገባባትም ጥይትና እሳት ነው። የመሬት፣ የዘርና የሥልጣን ቂም ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው፤ ሽቦው ቢቈረጥ ቂሙ አይቈረጥም።

ክፉ ቃል በኢንተርኔት አይሄድም አንልም። ይሄዳል፤ ፈጥኖም ይሄዳል። የሌላ አገርን ሬሳ ሥዕል «የእኛ ነው» ብሎ የሚልክ አለ። እንዲህ ያለውን ለመቅጣት ግን በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1185 ወጥቷል። በዳዩን በስሙ ጠርቶ የሚቀጣ ሕግ ሳለ ያልበደለው ስለ ምን ይዘጋበታል? ባንድ ሌባ ምክንያት ገበያ አይፈታም። በተዘጋም ጊዜ የሚቆመው ሐሰቱ አይደለም፤ ሐሰት ባፍ ለመሄድ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። የሚቆመው «ውሸት ነው፣ እኔ እዚያው ነኝ፣ ልጅህ ደኅና ነው» የሚለው ቃል ነው።

ከጎረቤት እንማር። ከአሶሳ ጋር በሚዋሰነው በምዕራብ ወለጋ በ2012 ዓ.ም. ሦስት ወር ያህል ቴሌፎኑም ኢንተርኔቱም ባንድነት ተዘግተው ነበር፤ እስከ መጋቢት 22 ቀንም አልተከፈቱም። የኮሮና በሽታ ባገራችን መገኘቱ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን ነው። እጃችሁን ታጠቡ፣ አትሰብሰቡ የሚለው ማስጠንቀቂያ ላገሩ ሁሉ ሲነገር፣ ያ ሕዝብ ዘመዱን ደውሎ ለመጠየቅ እንኳ አይችልም ነበር። በመንዲና በነጆ ዘመድ ያለው ያሶሳ ሰው ያን ወራት እንዴት እንዳሳለፈው ራሱ ይናገር።

«ውኃ ወይም አየር አይደለም» የተባለው ቃል በ2011 ዓ.ም. ለክርክር ይበቃ እንደ ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ግን መንግሥት ራሱ ውኃ አድርጎታል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ተጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በጥሬ ገንዘብ መከፈሉ ቀርቶ በዲጂታል መንገድ እንዲከፈል ታዘዘ። በዚሁ ክልል በጉባ ለተሠራው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ለታላቁ የሕዳሴ ግድብም ድኻው በ8100 የጽሑፍ መልእክት ሳንቲሙን እንዲሰጥ ተለመነ፤ ሰጠም። (ይህ በቴሌፎን ነው እንጂ በኢንተርኔት አይደለም የሚል ቢኖር፣ በወለጋ ሁለቱ ባንድ ቍልፍ መዘጋታቸውን አሁን ተናግረናል።) ገንዘብ ሲፈለግ በረከት፣ ፍርሃት ሲመጣ መርገም የሚሆን ምን ዓይነት ሽቦ ነው?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ29ኛው አንቀጽ ሰው ሁሉ በመረጠው መገናኛ ወሬና አሳብ የመቀበልና የማስተላለፍ መብት እንዳለው ጽፏል። እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። መዝጋት የግድ ነው የሚል ባለሥልጣን ቢኖር ምክንያቱን በጽሑፍ ለዳኛ ያቅርብ፤ ቦታውና ቀኑ ይወሰን፤ ያዘዘው ሰው ስም ለሕዝብ ይነገር። ይህን አሳብ የሚቃወም ሰውም ብዕሩን ያንሣና፣ በነዚያ ሦስት ሳምንታት መዘጋቱ ያዳናቸውን ሰዎች ባሶሳም ይሁን በካማሺ ወይም በቡለን ቈጥሮ ያሳየን።