«ፉል ናት?»

እኛ ሠፈር፣ ዓለም ባንክ፣ የምትሸጥ መኪና ከቆመች መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። «ሞተሯ እንዴት ነው?» አይደለም፤ «ፍሬኗስ?»ም አይደለም። «ፉል ናት?» ነው። ፉል ኦፕሽን ለማለት ነው። የቆዳ ወንበር፣ የሚከፈት ጣራ፣ ትልቅ ስክሪን፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ካላት ፉል ናት። ከሌላት «ባዶ» ናት። ባዶ! ስትሰሙት ሞተሯን ሌባ የወሰደባት ነው የሚመስላችሁ። (ሠፈራችንም ቢሆን ስሙ ብቻ ነው ፉል፤ ባንክ የተባለው ለቤት ሥራው ባበደረው ድርጅት ስም እንጂ እኛ ዘንድ ገንዘብ ተርፎ አይደለም።)

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ይምጡና አንዲት መኪና ይዩልኝ» ብሎ ጠራኝ። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ሞተር ምን ያውቃል እንዳትሉ። በመምህር ደመወዝ የተገዛ አሮጌ መኪና ባለቤቱን ግማሽ መካኒክ ያደርገዋል። ልጁ ዲኤክስ አለው፤ ሞላዋን አስቆርጦ ዝቅ ያደረጋት፣ ማርሚታዋን ለውጦ ሠፈር የሚቀሰቅስባት። እናቱ ዕቁብ ደርሷቸዋል። ዲኤክሷ ትሸጥና የዕቁቡ ብር ተጨምሮበት «ፈጣን» መኪና ሊገዛ ነው። ፈጣኗ ደግሞ ቪትዝ ናት፤ ከኋላ «አር ኤስ» የሚል ቀይ ፊደል የተለጠፈባት። ደላላው ለሁለቱ ፊደላት ብቻ የጨመረው ገንዘብ የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ ይወጣዋል።

ሊብሬውን አየሁት። 1000 ሲሲ። ቶዮታ አር ኤስ ያላት ቪትዝ የስፖርት ደረጃዋ ስትሆን ዋነኛ ሞተሯ 1500 ሲሲ ነበር። እነዚህ ፊደላት እንግዲህ ከጃፓን ሳይሆን ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ መስታወት ውስጥ የመጡ ናቸው።

በፊደል መታለል አዲሳችን አይደለም። «ዲኤክስ» ብለን እንደ ክርስትና ስም የምንጠራት መኪና ስሟ ኮሮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣችው አራተኛዋ ትውልድ። ዲኤክስ የደረጃዋ ምልክት ነው፤ «ዴሉክስ»፣ ማለትም የድሎት ለማለት ነው። ድሎቷ ግን ከስታንዳርዷ ከፍ፣ ከጂ ኤሏ ዝቅ ያለ ነበር። በአብዛኛው የተሰጣት ሞተር 1290 ሲሲ ሲሆን፣ በዚያው ቅርፊት ጃፓን ውስጥ ባለ 1600 መንታ ካምሻፍት ጂ ቲ ይሸጥ ነበር። እኛ የታችኛውን ደረጃ ወስደን ስም አደረግነው፤ አርባ ዓመት አገለገለችን። ባዶ መሆኗ ምን ጎዳን? የሚበላሽ የኤሌክትሪክ መስኮት ስላልነበራት አይደል እንዴ እስከ ዛሬ የቆየችው?

ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። የፈጣን መኪና የመጨረሻ ዝቅተኛ ደረጃና የተራ መኪና የመጨረሻ ከፍተኛ ደረጃ በፍጹም አንድ አይደሉም። እኛ አገር ግን ሁለተኛዋ ፉል ተብላ ትከበራለች፣ የመጀመሪያዋ ባዶ ተብላ ትናቃለች። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካኖቹ ፕሊመዝ ሮድ ራነር የምትባል መኪና አወጡ። 6.3 ሊትር ሞተር፣ 335 የፈረስ ጉልበት። ውስጧን ብታዩ ግን አንድ ወጥ አግዳሚ ወንበር፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ሳይሆን ጎማ። የምንጣፉ ገንዘብ ሞተሩ ውስጥ ገብቷላ! በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 45 ሺህ ገደማ ተሸጠች። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2017 ካሬራ ቲ ብሎ ያወጣት 911 ደግሞ የድምፅ መከላከያዋ ተቀንሶ፣ የኋላ መስታወቷ ሳስቶ፣ በሩን ከውስጥ የሚከፍተው እጀታ በጨርቅ ማንጠልጠያ ተተክቶ ከመደበኛዋ ካሬራ በላይ ዋጋ ተጠየቀባት። የኛ ታክሲዎች የበር ገመድ ይህን ያህል እንደሚያወጣ ማን ነገራቸው!

አምራቹንም መልአክ አላደርገውም። አንዳንዴ የሚቀነሰው ምንጣፉ ሳይሆን ሞተሩ ራሱ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣት ኤ ኢ 86 እስከ ዛሬ የምትወደድ ባለ 1600 መንታ ካምሻፍት ናት። ከጎኗ ግን ኤ ኢ 85 የምትባል፣ ቅርጿ ቁጭ እሷኑ የመሰለች፣ ሞተሯ ግን ነጠላ ካምሻፍት 1500 የሆነች እኅት ነበረቻት። ቢ ኤም ደብሊውም «ኤም ስፖርት» ብሎ መከላከያና መሪ ያለብሳል፤ ያ እውነተኛው ኤም አይደለም። ስለዚህ ዝቅተኛ ደረጃ ስታዩ ጠይቁ፦ የተቀነሰው ምኑ ነው? ቆዳው ከሆነ ግዙ። ሞተሩና ፍሬኑ ከሆኑ ልብሱን ነው የምትገዙት። ድሮም ሰሙን ብቻ ይዞ ከክፍል የሚወጣ ተማሪ ያናድደኝ ነበር።

«ስትሸጠው ፉል ነው የሚፈለገው» የሚለኝ ሰው አለ። እውነቱን ነው፣ አልክድም። የነገው ገዢም እንደኛው ፊደል አንባቢ ነውና። ሕጉም ገፍቶናል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ለአዲስ መኪና እስከ 1300 ሲሲ 5 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ጣለ። ትንሽ ሞተር ገዝቶ ትልቅ ፊደል መለጠፍ ከዚህ ወዲያ ምን ይገርማል? ታክሱ የሞተሩን መጠንና የመኪናውን ዕድሜ ጠየቀ፤ ኤር ባግ አለው ወይ አላለም። እኛም አላልንም።

በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይህ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ምን ይቀራል! ቻይና የተሠራችው ቮልስዋገን አይዲ 4 «ፒዩር»፣ «ፕሮ»፣ «ፕራይም» እየተባለች መጣች። ፒዩሯ ትንሽ ባትሪ፣ ፕሮዋ ትልቅ ባትሪ፣ ፕራይሟ ሁለት ሞተርና አራቱንም ጎማ የሚገፋ ጉልበት ናት። ልዩነቱ የምር ልዩነት ነው። ቢሆንም አሻግሮ የሚጠየቀው «ጣራዋ ይከፈታል?» ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ኮፈኑን አስከፍቼ ሞተሩን አሳየሁት፣ ሊብሬውን አነበብኩለት፣ ያለቀውን የፊት ጎማ በጣቴ ነካሁለት። እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ከአጥሩ ሥር ቆመው ያዳምጣሉ፤ የዕቁቡን ብር ሦስት ዓመት ነው የጣሉት። ደላላው ምንም አልደነገጠም። «ጋሼ፣ ፊደሉ ካስከፋዎት አሁኑኑ ልንቀለው እችላለሁ። ዋጋዋ ግን ያው ነው» አለኝ።

ልጁ እስከ ሰኞ ላስብበት ብሎ ሄደ። ይህን ስጽፍ ሐሙስ ነው። ቪትዟ አሁንም እዚያው ቆማለች፤ ዲኤክሷም ገና አልተሸጠችም።