መብራት የማይበራበት ፎቅ



ከአዲስ አበባም ከአሜሪካም ያላችሁ ዘመዶቼ የአዳዲስ ሕንፃ ፎቶ ስትልኩልኝ ከሥሩ ሁልጊዜ «ከተማችን አደገች» ትላላችሁ፤ ቀጥሎ የፎቁ ብዛት ይመጣል። ከዚህ ከኢየሩሳሌም እኔም እንዲያ ያለ ፎቶ አላጣም። ግን ስለ ፎቅ የማስበውን እስቲ ዛሬ በግልጽ ልጻፈው፣ እንጀራዬም ስለሆነ። ጸባውን፣ ማለት ውትድርናውን፣ ከጨረስኩ በኋላ ሙያ ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት ግድግዳ ላይ ድንጋይ ማልበስ ነው።

የኢየሩሳሌም ቤት ሁሉ ለምን ድንጋይ ሆነ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እንግሊዞች ከተማዋን በያዙ ማግስት በ1918 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወታደራዊ ገዥው ሮናልድ ስቶርስ በልስንና በቆርቆሮ መሥራትን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ቤት በድንጋይ ይሁን የሚለው ደንብ ሆኖ ቀረ። ያን ጊዜ ድንጋዩ ራሱ ግድግዳ ነበር፤ ወፍራም ነው፣ ጣራውን ይሸከማል። ዛሬ ግን የሚሸከመው ብረትና ኮንክሪት ነው። ድንጋዩ በመጋዝ ተቆርጦ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ይዞ በብረት ይታሰራል። ከሩቅ ሲያዩት ከተማው አንድ ዓይነት ነው፣ ደንቡም ተከብሯል። ቀርባችሁ በጣታችሁ ብታንኳኩት ግን አንዳንዱ ከበሮ ይመስላል፣ ከኋላው አየር ነው። ይህን ስል ሥራዬን ማጣጣሌ አይደለም፤ በደንብ የታሰረ ድንጋይ ብዙ ዘመን ይቆያል። ልብስን ከሰውየው እንለይ ለማለት ነው።

አሁን ወደ ሃነቪኢም ኑ። የነቢያት መንገድ ማለት ነው፤ ከደማስቆ በር አካባቢ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ዳቪድካ አደባባይ ይወጣል። በዚህ መንገድ ንግሥት ዘውዲቱ በ1920ዎቹ ያሠሩት ቤት አለ፤ ፊቱ ላይ የይሁዳ አንበሳና የግዕዝ ጽሕፈት በሞዛይክ ይታያል። ከመንገዱ ወደ ውስጥ ስትታጠፉ ጠባቧ የኢትዮጵያ መንገድ ትመጣለች። ከረጅሙ አጥር ጀርባ ክቧ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ናት፤ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምራ በምኒልክ ዘመን ያለቀች። ዕብራይስጥን መልሶ የሰው አፍ ላይ ያዋለው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረውም በዚያችው መንገድ ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ በሄለኒ ሃማልካ መንገድ የእቴጌ ጣይቱ ቤት አለ፤ በእንግሊዝ ዘመን የሬዲዮ ጣቢያ ሆኖ ተከራየ፣ በኋላም ቆል ይስራኤል ለረጅም ዓመታት ከዚያ አስተላልፏል።

እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፣ ኪዳነ ምሕረት የምጸልይባት ቦታ አይደለችም። ግን አንበሳውን ባየሁ ቁጥር ቆም እላለሁ፤ አያቶቼ በእግር ሊደርሱባት የተመኟት ከተማ ውስጥ በግዕዝ የተጻፈ ቤት ቀድሞ ቆሞ ጠበቀን።

ዋናው ነገር ይኸውላችሁ። እነዚያ ቤቶች ለማን እንደተሠሩ ይታወቅ ነበር። ለመነኮሳቱ መኖሪያ፣ ለተሳላሚው ማረፊያ፣ የሚከራየውም ገቢው መነኮሳቱን እንዲያኖር ነበር። ከአገር ርቀው የሚኖሩ ሰዎችን በአንድ ግንብ መመገብ ማለት ነው።

አሁን በያፎ መንገድና በዙሪያው ባለ 20ና ባለ 30 ፎቅ ሲወጣ ለማን ነው? በውጭ አገር የሚኖር ባለሀብት የሚገዛው ዲራ ብዙ ነው፤ ለፋሲካና ለሱኮት መጥቶ ይሰነብትና ይቆልፈዋል። እዚህ ስም ወጥቶለታል፣ «ዲሮት ረፋኢም»፣ የሙት መንፈስ ቤቶች ይሉታል። ዓመቱን ሙሉ ጨለማ የሆነ ቤት ከታች ላለው ባለ ሱቅ ዳቦ አይገዛለትም፣ ሚንያንም አይሞላም። የእኛ ወጣቶች ደግሞ ሲያገቡ ኪራዩ አልቀመስ ብሏቸው ከከተማው ይወጣሉ። ማሚላም እንዲሁ ነው፤ ሄርዝል በ1898 ያደረበት ቤት ድንጋዩ ቁጥር ተጽፎበት ተፈታ፣ እንደገና ተገጣጠመ፣ ሱቅ ሆነ። ድንጋዩ አንድም አልጎደለም። ነዋሪ ግን የለውም።

አዲስ ነገር ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። ከሃነቪኢም ብዙም ሳይርቅ በሩስያ ግቢ ሳና የሚባሉት ጃፓኖች የነደፉት የቤጻልኤል የጥበብ ትምህርት ቤት በ2023 ተከፍቷል። ኮንክሪትና መስታወት የበዛበት ነው፣ ለእኔ ሙያ ብዙ ሥራ አይሰጥም። ግን ማታ ሳልፍ መብራቱ በርቶ ተማሪ ሲሠራ አያለሁ፣ ስለዚህ ወድጄዋለሁ። በከተማው መግቢያ ስላለው የ2008ቱ የካላትራቫ ድልድይ ግን አትጠይቁኝ፤ ለአንድ ባቡርና ለእግረኛ 118 ሜትር ምሰሶ!

አዲስ አበባም እዚሁ ጥያቄ ውስጥ ገብታለች። በ2022 የተመረቀው የንግድ ባንክ ሕንፃ 209 ሜትር ነው፣ ከሩቅ ያምራል፣ ሠራተኛም ይገባበታል። በ2024 ግን የፒያሳ አሮጌ ሰፈር ሲፈርስ የሄደው ጭቃና እንጨት ብቻ አልነበረም፤ ማን ከማን ጎን እንደሚኖር የሚያውቅ ሰፈር ነበር። በ1960ዎቹ እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭና የአገራችን ሰው ሚካኤል ቴድሮስ አብረው ፍልውሃን ሲነድፉ የሚታጠበውን ሰው አስበው ነው የሠሩት። አሁን የሚታሰበው ፎቶው ይመስለኛል።

እናንተንም ልንካችሁ፣ አትቀየሙኝ። ከመካከላችሁ ቦሌ ወይም አያት አፓርታማ ገዝታችሁ «ስመጣ አርፍበታለሁ» ብላችሁ የቆለፋችሁ አላችሁ። የደከማችሁበት ገንዘብ ነው፣ መብታችሁ ነው። ግን ያው ዲሮት ረፋኢም እኮ ነው፣ በአማርኛ። እቴጌ ጣይቱ ቤታቸውን ዘግተው አላስቀመጡትም። ለአንድ አስተማሪ ወይም ለአዲስ ሙሽሮች በሚችሉት ዋጋ አከራዩት፤ ስትመጡ የምታድሩበትን አንድ ክፍል አስቀሩ፣ ዘመድም ቁልፍ ይያዝ።

የሚቀጥለውን ፎቶ ደግሞ ቀን አትላኩልኝ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አንሱት፣ የበራውን መስኮት ቁጠሩና ቁጥሩን ከሥሩ ጻፉልኝ። እኔም ከሃነቪኢም የእኔን እልካለሁ።

ቸር እንሰንብት።